ለእትዬ ሮዛ የመጣው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው ጀርመንኛ ያጠኑ ነበር። ልጅቷ ደብተሯን ደረቷ ላይ አስደግፋ ትጠይቃለች፤ ልጁ ይመልሳል። "ጊፍት?" አለችው። ሳያስብ "ስጦታ" አላት። ሳቀችበት። "ስጦታ በእንግሊዝኛ ነው፤ በጀርመንኛ መርዝ ማለት ነው" አለችው። አላመናትም፤ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ፤ አገኘና አንገቱን ደፋ። የእኔም ሳቅ አመለጠኝ። ዘወር ብለው ሲያዩኝ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። በልጁ አልነበረም የሳቅሁት። ከአርባ ምናምን ዓመት በፊት እኔም እንደ እሱ ሳላስብ መልሼ ነበር። ልዩነቱ፣ ያን ጊዜ ከኪስ አውጥቶ የሚያዩት ስልክ አልነበረም። በእኔ መልስ ምክንያት ሰው ታሰረ።

ከሚኒባሱ ወርጄ ጊዮርጊስ አጠገብ ትንሽ ቆምኩ። ፒያሳ ሰፍታለች፤ መንገዱ ሰፍቷል፤ ሰማዩም የሰፋ ይመስላል። የማውቃቸው ቤቶች ከነበሩበት ቦታ አብዛኞቹ የሉም። ዓይኔን ስጨፍን ግን ሁሉም ከነጥላቸው ይመጣሉ፤ በረንዳቸው እንጨት የሆኑት ባለ ፎቅ ቤቶች፣ በመስኮታቸው የሙሽሮች ፎቶግራፍ የሚሰቅሉት ፎቶ ቤቶች፣ ወርቅ ሠሪዎቹ፣ በራፉ ላይ ድምፅ ማጉያ አውጥቶ መንገደኛውን ሁሉ የሚያስቆመው ሙዚቃ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ቅቤና ስኳር የሚሸቱት ኬክ ቤቶች። ማኪያቶ በሳንቲም ነበር። ወደ ቸርችል ቁልቁል የሚወርዱት ወንዶች ሱሪያቸው ከታች ሰፋ ያለ፣ ጫማቸው ተረከዙ ከፍ ያለ ነበር፤ ቆይቶ ካኪው ሁሉንም አንድ ዓይነት አደረጋቸው። ከኋላ ፊት ለፊት የሚያስቀምጡትን ታክሲዎች "ውይይት" እንላቸው ነበር፤ በየሰፈሩ ውይይት የሚባል ስብሰባ ስለበዛ ነው። የአራዳ ልጅ ከምን ላይ ቃል እንደሚያነሳ አይታወቅም። በውይይት ውስጥ ግን የሚወያይ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሌላውን ጉልበት እያየ ዝም ይላል።

የእኛ ግቢ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። አራት ቤተሰብ እንኖርበታለን። ምድር ቤቱን የያዙት እትዬ ሮዛ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናታቸው የደሴ ሰው፣ አባታቸው ጣሊያን ነው። አባትየው እሳቸው የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ "እመለሳለሁ" ብሎ ወደ አገሩ ሄደ፤ አልተመለሰም። እዚያ ሌላ ትዳር ይዞ የወለደው ካርሎ የሚባል ወንድም ነበራቸው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ይጽፍላቸዋል። እትዬ ሮዛ ስለ አባታቸው ሲጠየቁ መቀሱን ሳያቆሙ "አላውቀውም፤ አልናፈቀኝም" ይላሉ። ጣሊያንኛቸው የጓዳና የስፌት ጣሊያንኛ ነበር፤ ይናገራሉ እንጂ ማንበብ አይችሉም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያለፍኩ ጊዜ ሰማያዊ ቀሚስ በራሳቸው ጨርቅ ሰፍተው ሰጡኝ። ቀሚሱ ወገቡ ጋ ጠበብ፣ ከጉልበት በታች ወጣ ያለ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ጥልፍ ነበረው። ከዚያ በኋላ ብዙ ልብስ ለብሻለሁ፤ እንደ እሱ የሆነልኝ የለም።

ከእሳቸው በላይ ፎቁ ላይ ጋሽ ታደለ ይኖሩ ነበር። የአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ስሕተት ሲያድኑ ውለው ማታ ለራሳቸው ቃል ያድናሉ። ፈረንሳይኛ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ጣሊያንኛ ከድሮ አለቆቻቸው፣ እንግሊዝኛ ከሬዲዮ ለቅመዋል። አንድ ወፍራም ደብተር አላቸው፤ በአንድ ገጽ ላይ አንድ ቃል፣ ከሥሩ በየአገሩ ምን ትርጉም እንዳለው ይጽፋሉ። ባቡር የምንለው ጣሊያኖች ቫፖሬ ብለው ለእንፋሎት የሰጡት ስም መሆኑን፣ መኪና ለእነሱ ማናቸውም ማሽን ስለሆነ የእትዬ ሮዛ የስፌት መኪናና የቸርችል መኪና በስም አንድ መሆናቸውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የግቢያችን የጋራ መታጠቢያ ቤት ከጣሊያን ዘመን የቀረ ባለ ሁለት ቧንቧ ነበረው፤ አንዱ ላይ የላቲን ሲ ፊደል አለበት። አንድ እንግሊዝኛ የተማረ እንግዳ ቀዝቃዛ መስሎት ከፍቶ እጁ ተቃጠለ። ጋሽ ታደለ ቅባት እየቀቡለት "ሲ በጣሊያን ካልዶ ነው፤ ካልዶ ሙቅ ነው። እንግሊዝና ጀርመን ግን ይህንን የመሰለውን ቃል ኮልድ፣ ካልት ብለው ለብርድ ሰጡት" እያሉ ያስረዱት ነበር። ሰውየው ትምህርቱን የፈለገው አይመስለኝም።

አንድ ቅዳሜ ከጋሽ ታደለ ጋር ኬክ ቤት ባንኮኒው ላይ ቆመን ሳለ ሁለት የኩባ ወታደሮች ገቡ። ግድግዳው ላይ "ፓኔ ኤ ቡሮ" የሚል የቆየ ጽሑፍ ነበር፤ ዳቦ በቅቤ ማለት ነው። ኩባዎቹ አነበቡና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አሳላፊው ተቆጣ፤ የሰደቡት መሰለው። ጋሽ ታደለ መሃል ገብተው፣ በእነሱ ቋንቋ ቡሮ አህያ እንደሆነና ዳቦ በአህያ የሚሸጥ ቤት ገጥሟቸው እንደማያውቅ አስረዱት። አሳላፊው ሳቀ፤ ኩባዎቹም ለጋሽ ታደለ ማኪያቶ ጋበዟቸው። ያኔ ይህ ሁሉ ለእኔ ጨዋታ ነበር። ቃል እጅ ከማቃጠል የከፋ ነገር ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም።

ጋሽ ታደለም መጫወት የተዉት በዚያው ዓመት ነው። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ዩኒቨርሲቲ የገባ። ከቤት ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ጋሽ ታደለ አንድ ቀን ቀበሌ ሄደው ጠየቁ፤ ምን እንደተባሉ ለማንም አልተናገሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀበሌውን በር ላለማየት ሲሉ ወደ አትክልት ተራ በሚወስደው መንገድ ዞረው ነበር ወደ ሥራ የሚሄዱት።

እኔ ደግሞ ሥራ ያገኘሁት እዚያው በር ውስጥ ነው። የታይፕ ትምህርት ጨርሼ የቀበሌው ጸሐፊ ሆንኩ። የስኳር ካርድ እጽፋለሁ፤ የስብሰባ ጥሪ እጽፋለሁ። ሊቀመንበሩ ከእኔ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የቸኮለ፣ ከበላዮቹ ስልክ ሲደወልለት ብድግ ብሎ የሚያናግር ሰው ነበር። ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ በጥርጣሬ የሚታይበት ሰሞን ነው። የእትዬ ሮዛም በምን መንገድ እንደሆነ እንጃ ተከፍቶ ጽሕፈት ቤታችን ደረሰ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋውና "ጽጌ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይሄ ምን ይላል?" አለኝ።

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ግን ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሻለሁ፤ ሁለት የጥበቃ ጓዶች ቆመው ያያሉ፤ የተማርሽ ነሽ ተብያለሁ። ፊደሉ የእንግሊዝኛ ነው። ጋሽ ታደለ ሲያወሩ የሰማኋቸው ቃላት ጆሮዬ ውስጥ ስላሉ ጣሊያንኛ የማውቅ መሰለኝ። ዓይኔን ወደ ታች ሳወርድ የማውቀውን የሚመስል ቃል አገኘሁ፤ ካሜራ። ቀጥሎ "ፕሮንታ" ይላል፤ ዝግጁ መሆን አለበት አልኩ። ከዚያ የማላውቃቸውን ዘለልኩና "ቱቶ ኢል ፖርቶ" የሚል አየሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ "ካሜራው ዝግጁ ነው ይላል። ከዚያ ስለ ወደቡ፣ ስለ ጠቅላላው ወደብ ይናገራል" አልኩ። ሊቀመንበሩ ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። በሰሜን ጦርነት አለ፤ ወደብ የሚባል ቃል በሹክሹክታም አይነሳም። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት፤ ያን ጊዜ እንኳን አፌን አልያዝኩም። "በጽሑፍ አድርጊው" አለኝ፤ በሦስት ቅጂ መታሁት።

እትዬ ሮዛን ከሰዓት በፊት አመጧቸው፤ የስፌት ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ። ቤታቸው ተበረበረ። ካሜራው የት ነው ተባሉ፤ "ምን ካሜራ?" አሉ። ደብዳቤው አልተነበበላቸውም፤ መምጣቱንም አያውቁም። ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለችው ዕቃ ቤት ከሦስት ሴቶች ጋር አስገቧቸው። ምሳ የሚመጣላቸው ከእናቴ ነበር፤ ከበሩ ተቀብዬ የማቀብላቸው እኔ ነኝ። ሳሕኑን ስሰጣቸው እጃቸውን ነበር የማየው፤ ጣቶቻቸው መርፌ የለመዱ፣ ጫፋቸው የደነደነ። በስድስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ስልክ ተደውሎለት ብድግ አለ፤ ሲቀመጥ "አርብ ወደ ላይ ትተላለፋለች። ሸኚ ደብዳቤ አዘጋጂ" አለኝ። ወደ ላይ የተላለፈ ሰው እንደማይመለስ በየቤቱ ይታወቃል። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ደብዳቤ በእጄ ገልብጬ ቀሚሴ ውስጥ ከተትኩና ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ፎቁ ወጣሁ።

ጋሽ ታደለ ግልባጩን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። "ማነው ካሜራን ካሜራ ብሎ የተረጎመው?" አሉኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮሁም። ጣሊያን ካሜራ የሚለው ክፍልን እንደሆነ፣ ካርሎ ለእህቱ ክፍል እንዳዘጋጀላትና ከመስኮቱ ወደቡ በሙሉ እንደሚታይ የጻፈው ስለ ራሱ ከተማ ስለ ጄኖቫ እንደሆነ በዝግታ ነገሩኝ። እያለቀስኩ ለሊቀመንበሩ እንዲነግሩልኝ ለመንኳቸው።

"በዚያ በር የገባሁት አንድ ቀን ልጄን ልጠይቅ ነው" አሉኝ። "ሁለተኛ አልገባም ብዬ ነበር።"

እኔም ተስፋ ቆርጬ ወረድኩ። በማግሥቱ ጠዋት ግን በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ሳይ ጋሽ ታደለ ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ መዝገበ ቃላት በብብታቸው ይዘው በትልቁ መንገድ መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ገቡ።

ሊቀመንበሩ መጀመሪያ አልሰማቸውም። እንግሊዝኛ እሱም እንደሚያውቅና ካሜራ ካሜራ እንደሆነ ነገራቸው። ጋሽ ታደለ መዝገበ ቃላቱን ገልጠው ጣቱን ይዘው ቃሉ ላይ አስቀመጡለት። አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። "ታዲያ እንግሊዝ ለምን ፎቶ ማንሻውን እንዲህ አለው?" አለ። ጋሽ ታደለ የማተሚያ ቤት ሰው በሚናገርበት ረጋ ያለ ድምፅ አስረዱት፤ ድሮ ጨለማ ክፍል ሠርተው ግድግዳው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያበጁ ነበር፤ በቀዳዳው የሚገባው ብርሃን የውጭውን ሥዕል ገልብጦ ግድግዳው ላይ ይጥላል፤ ጨለማ ክፍል የሚለው የላቲን ስም ሲያጥር ክፍል የሚለው ካሜራ ብቻ ቀረ፤ ስሙም ለመሣሪያው ተረፈ። ሊቀመንበሩ መዝገበ ቃላቱን ሲዘጋ ጋሽ ታደለ ማቆም ይችሉ ነበር። አላቆሙም።

"ጓድ የምትባሉበት የእንግሊዝኛው ቃልም፣ ኮምሬድ የሚሉት፣ ከዚሁ ቃል ነው የመጣው" አሉት።

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ጠመንጃውን ከአንድ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ። ሊቀመንበሩ "ምን ማለት ነው?" አለ።

"ስፔኖች ናቸው ያወጡት። በአንድ ክፍል አብሮ የሚያድር ሰው ማለት ነው። ጣሪያው አንድ፣ ብርዱም አንድ።"

ሊቀመንበሩ ሳያስበው ወደ ጀርባው፣ ወደ ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ዘወር አለ። ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። "አንቺ ታዲያ ምን ብለሽ ነው የተረጎምሽው?" አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያደርሰው የት እንደሆነ አውቃለሁ። "ጣሊያንኛ አላውቅም" አልኩ። "የማውቅ መስዬ ነው። የተማርሽ ነሽ ሲሉኝ አላውቅም ማለት አፈርኩ።" ብዙ ጊዜ ያየኝ መሰለኝ። ምናልባት እሱም ከበላዮቹ ፊት ብድግ ሲል የማያውቀውን አውቃለሁ ያለበት ቀን ትዝ ብሎት ይሆናል፤ አላውቅም። "ጋሽ ታደለ ይንገሩሽና በትክክል ጻፊው። በሦስት ቅጂ" አለኝ።

እሳቸው ቆመው እየተረጎሙ፣ እኔ እየመታሁ ጨረስን። እትዬ ሮዛ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ተለቀቁ። ስመታ ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። ከሰላምታው ቀጥሎ ያለችውን አጭር መስመር ጋሽ ታደለ አንብበው ሳይተረጉሙ ዘለሏት። ወደ ቤት ስንሄድ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ፓፓ ኤ ማንካቶ ነው የሚለው" አሉኝ። "አባቷ ሞተዋል። መርዶ በቀበሌ አይነገርም።"

መርዶውን በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ አረዳናቸው። እናቴ፣ ጋሽ ታደለ፣ ከድልድዩ ማዶ የመጡ የእናታቸው ዘመዶችና እኔ በሩን አንኳኳን። እትዬ ሮዛ ከፍተው ሁላችንንም በነጠላ አንድ ላይ ሲያዩ ማን እንደሆነ ጠየቁ። አባትዎ ናቸው ሲባሉ አልጮሁም። ገብተው የስፌት መኪናቸው ወንበር ላይ ተቀመጡና እጃቸውን መንኮራኩሩ ላይ አድርገው ቆዩ። አልቃሾቹ ምን ብለው እንደሚያለቅሱለት ግራ ገባቸው፤ ሰውየውን የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ እትዬ ሮዛ ራሳቸው ጀመሩ። እመለሳለሁ ብለህ የወጣህበትን በር ሳልዘጋ ነው የኖርኩት ብለው አለቀሱ። ያን ቀን ያለቀስነውን ያህል ለሟቹ ከልቤ አዝኛለሁ ብል ውሸት ነው፤ እኔ ያለቀስኩት ለራሴም ነበር።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ወርጄ ደብዳቤውን የተረጎምኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። የሰው ኮት ጫፍ እየጠለፉ ነበር። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክተው "አውቃለሁ" አሉኝ። "ምሳ ስታቀብዪኝ ዓይኔን አላየሽም። የዚያን ዕለት ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"እስክትነግሪኝ ነው።" ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። "አሁን ወረቀት አምጪና ለካርሎ መልስ ጻፊልኝ። በእኔ የተሳሳትሽበትን ቋንቋ በእኔ ተማሪው።"

በዚያው ሰሞን ከቀበሌው ሥራ ወጣሁ። ጋሽ ታደለ ለማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ነግረውልኝ ተለማማጅ አራሚ ሆንኩ፤ ጡረታ እስክወጣ እርማት ላይ ነበርኩ። አንድ ቃል አላውቅም ለማለት ከዚያ ወዲህ አፍሬ አላውቅም። እትዬ ሮዛም ጄኖቫን ሳያዩ፣ አርጅተው፣ እኛው መሃል አረፉ። ለዓመታት ደብዳቤያቸውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ እንደ መጀመሪያው ግን የከበደኝ የለም። እትዬ ሮዛ ይላሉ፤ እኔ በአማርኛ እይዛለሁ፤ ከዚያ ፎቅ ወጥቼ ከጋሽ ታደለ ጋር ወደ ጣሊያንኛ እንመልሰዋለን። በዚያ በመጀመሪያው ደብዳቤ ክፍሉን ዘግተው እንዳያስቀምጡት፣ ሰው እንዲኖርበት ጻፊ አሉኝ። መሄድ እንደማይፈቀድ፣ ቢፈቀድም ሰዋቸው እዚህ እንደሆነ ጻፊ አሉኝ። መጨረሻ ላይ መኪናዋን በእግራቸው ሁለቴ ረገጥ ረገጥ አድርገው አቆሟት። "አልናፈቀኝም ስል ነው የኖርኩት" አሉ። "ናፍቆኛል በዪልኝ።"

ፎቅ ወጥቼ ናፈቀኝ በጣሊያንኛ ምን እንደሚባል ጋሽ ታደለን ጠየቅኳቸው። ደብተራቸውን አልገለጡም። "ሚ ማንካ" አሉኝ። ያቺው የተዘለለችው መስመር ውስጥ ያለችው ቃል አይደለችም ወይ አልኳቸው። ናት አሉኝ፤ ጣሊያን ሰው ሲሞት ጎደለ ይላል፤ ሲናፍቀውም ጎደለኝ ይላል፤ እንደ እኛው ናፋቂውን ትቶ የናፈቀውን ሰው ያስቀድማል፤ ስለዚህ ልብ ብለሽ ጻፊ አሉኝ። ብዕሬን አንስቼ ስጀምር እጃቸውን ዘረጉ። ብዕሩን ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ስበው በዚያ የአራሚ እጃቸው፣ እያንዳንዱን ፊደል ለይተው፣ ሁለቱን ቃላት ጻፉ። ጽፈው ከጨረሱ በኋላም ብዕሩን አላነሱም። ፊታቸውን ላለማየት በመስኮቱ ወደ ድልድዩ ስመለከት ቆየሁ። ደብዳቤው የእትዬ ሮዛ ነበር፤ ያንን መስመር ግን ጋሽ ታደለ የጻፉት ለልጃቸው ነው።